በወረርሽኝ ወቅት የድባቴ፣ የሰውነት ክብደትና የውጥረት ሆርሞኖች ትስስር

መግቢያ

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሰንብተው ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የሰውነት ሁኔታ ነው። የወፈረው «ተመችቶሃል» ይባላል፤ የከሳው ደግሞ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ልማድ ውፍረት የምቾት፣ ክሳት ደግሞ የሕመም ወይም የችግር ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

ወረርሽኝ በተከሰተበት ዘመን ግን ይህ መለኪያ ብዙ ሰዎችን ያሳስታል። የኮቪድ-19 በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሥራዎች ተቀዛቅዘዋል፤ ለቅሶ፣ ሠርግና ማኅበር እንደ ቀድሞው መሰብሰቢያ መሆናቸው ቀርቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክብደታቸው የጨመረ ሰዎች ሁሉ ተመችቷቸው አይደለም፤ የከሱትም ሁሉ የሚበሉት አጥተው ወይም በሌላ በሽታ ተይዘው አይደለም። ሳይታሰብ የመጣ የክብደት ለውጥ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ውጥረትና የድባቴ ሕመም የሚገለጥበት አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ባወጣው መግለጫ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የድባቴና የጭንቀት ሕመሞች ስርጭት በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ መጨመሩን አስታውቋል። በመሆኑም ጉዳዩ የጥቂት ግለሰቦች ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ሊኖር የሚችል ነው።

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰው የሚከተሉትን ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል፦

1. ውጥረት በሰውነት ውስጥ በምን መንገድ እንደሚሠራ፤
2. ድባቴ አንዱን የሚያከሳው፣ ሌላውን የሚያወፍረው ለምን እንደሆነ፤
3. በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻልና መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ።

የሰውነት የማንቂያ ደወል

የሰው አካል አደጋ ሲገጥመው የሚነቃበት ጥንታዊ ሥርዓት አለው። አንድ ገበሬ በጫካ መንገድ ላይ ድንገት ጅብ ቢያጋጥመው፣ ገና ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያስብ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ጡንቻዎቹ ይወጠራሉ። ይህን የሚያደርገው ከኩላሊቶች አናት ላይ ከሚገኙት አድሬናል ከሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ነው። የአድሬናሊን ሥራ በሰከንዶች ውስጥ የሚጀምርና ብዙ የማይቆይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ዘገም ያለ፣ ነገር ግን ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራ ሁለተኛ ሰንሰለት ይነሣል። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ከሥሩ ለሚገኘው ፒቱታሪ ለተባለው ዕጢ መልእክት ይልካል። ፒቱታሪም በተራው በደም በኩል አድሬናል ዕጢዎችን ያዝዛል። አድሬናል ዕጢዎች ትእዛዙን ሲቀበሉ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። በተለምዶ «የውጥረት ሆርሞን» ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው።

ኮርቲሶል በራሱ ጠላት አይደለም። ሰው ያለ ኮርቲሶል በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል፤ የደም ግፊትን ይጠብቃል፤ የሰውነት መቆጣትን ያበርዳል። ጤነኛ በሆነ ሰው መጠኑ በቀንና በሌሊት ዑደት ይለዋወጣል፤ ማለዳ ከእንቅልፍ በሚነሡበት ሰዓት ከፍ ይላል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ሄዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ሰው ጠዋት ነቅቶ ማታ የሚያንቀላፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ዑደት ነው።

ሥርዓቱ የራሱ ልጓምም አለው። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ይህን ተረድቶ ትእዛዙን ያቆማል። ጅቡ ሄደ፤ ደወሉም ጸጥ አለ፤ ሰውነት ወደ ዕረፍቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ደወሉ ሳያቋርጥ ሲደውል

ወረርሽኝ እንደ ጅብ መጥቶ የሚሄድ አደጋ አይደለም። የቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል፤ የታመመ ዘመድ አለ፤ ነገ ሥራ ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ በየሰዓቱ የሚሰማው ዜና ሌላ ሥጋት ይጨምራል። እንዲህ ያለ ጫና ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል የማንቂያው ደወል ማረፊያ ያጣል፤ ልጓሙም እየላላ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ማታ ዝቅ ማለት የነበረበት ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። የሚያስከትለውም የሚከተለው ነው፦

የምግብ ምርጫ ይለወጣል። ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ውጥረት በብዙ ሰዎች ላይ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ የመብላት ፍላጎትን ያነሣሣል። እንዲህ ያለው ምግብ ለጊዜው መንፈስን ስለሚያረጋጋ ሰውየው ሳይራብ ይበላል።

ስብ የሚከማችበት ቦታ ይለወጣል። ኮርቲሶል ሲበዛ ስብ ከእጅና ከእግር ይልቅ በሆድ ዕቃ ዙሪያ እንዲከማች ያደርጋል። ይህ ዓይነቱ ስብ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነው።

ኢንሱሊን ይደክማል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ስለሚል፣ ስኳሩን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን ሥራው ይከብደዋል።

እንቅልፍ ይታወካል። በቂ ያልተኛ ሰው ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ሊጨምርበት፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ደግሞ ሊቀንስበት ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ አብዝቶ ይበላል፤ ድካም ስላለበትም እምብዛም አይንቀሳቀስም።

የኮርቲሶል መብዛት በክብደትም በስሜትም ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በግልጽ ያሳየው የኩሺንግ ሕመም ነው። በስሙ የተጠራበት አሜሪካዊ ሐኪም ሃርቬይ ኩሺንግ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የገለጸው ይህ ብርቅ ሕመም ሰውነት ከልክ ያለፈ ኮርቲሶል ሲያመነጭ የሚመጣ ነው። የታማሚው ፊት ይከብባል፤ ሆዱ ይወፍራል፤ እጅና እግሩ ይቀጥናል። ከዚህ ጋር ብዙዎቹ ታማሚዎች ድባቴ ይይዛቸዋል፤ የኮርቲሶላቸው መጠን በሕክምና ሲስተካከልም ስሜታቸው በአብዛኛው ይሻሻላል። ይህም ክብደትና ስሜት በአንድ የሆርሞን ገመድ የተያያዙ መሆናቸውን ያስረዳል።

ድባቴ ምንድን ነው?

ድባቴ አልፎ አልፎ ሁሉንም ሰው ከሚጎበኘው ድብርት የተለየ ነው። ሁለቱ ዋና ምልክቶቹ በአብዛኛው ቀን የሚቆይ የሐዘን ወይም የባዶነት ስሜት፣ እንዲሁም ቀድሞ ያስደስት ከነበረ ነገር ሁሉ ደስታ ማጣት ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ከሚከተሉት ከበርካታዎቹ ጋር ተደምሮ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይና የዕለት ኑሮን ሲያደናቅፍ ድባቴ ሊሆን ይችላል፦

• የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መቀነስ አለበለዚያም መጨመር፤
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፤
• ያለ ሥራ መድከም፤
• እንቅስቃሴና ንግግር መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፤
• ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠርና ያለ በደል መጸጸት፤
• ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤
• ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የክብደት ለውጥ በሁለቱም አቅጣጫ መጠቀሱ ልብ ሊባል ይገባል። ሰው አመጋገቡን ለመለወጥ ሳያስብ በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ለውጡ ጉልህ ነው። ይህም 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ግራም ማለት ነው።

አንድ ጫና፣ ሁለት ዓይነት አካል

ጉዳዩን ለማስረዳት ያህል አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ይቀርባል። ባል የቱሪስት አስጎብኚ ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት እንግዳ መምጣት ሲያቆም ሥራው ቆመ። ቀኑን በቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስደው ተነሥቶ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ይወስዳል። በስድስት ወር ውስጥ ሱሪዎቹ ሁሉ ጠበቡት። ጎረቤት ሲያየው «ቤት መዋል ተስማምቶሃል» ይለዋል፤ እርሱም ይስቃል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በሰውነቱ ያፍራል፤ ከሰውም እየራቀ ይሄዳል።

ሚስት በዚያው ወቅት እናቷን በሞት አጥታለች። ዘመድ ተሰብስቦ አላስለቀሳትም፤ ዕድርተኛው ድንኳን ጥሎ አብሯት አልሰነበተም። ለልጆቿ ምግብ ታቀርባለች፤ ራሷ ግን ጉርሻው አልዋጥ ይላታል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች፤ እስኪነጋ ትቆዝማለች። ቀሚሷ ሰፋባት። ሰፈሩ ስለ እርሷ በሹክሹክታ ያወራል፤ አንዳንዱ የሳንባ ነቀርሳ ነው ይላል፤ ሌላው የኤች አይ ቪን ስም ያነሣል።

በሁለቱም ሰዎች ዘንድ የተነሣው የማንቂያ ደወል አንድ ነው። የባልየው አካል ጫናውን በመብላትና በማከማቸት፣ የሚስትየው ደግሞ ምግብን በመዝጋት መለሰ። እንዲህ ያለው ልዩነት ከዘር ውርስ፣ ከቀድሞ የአመጋገብ ልማድ፣ ከእንቅልፍና ከሕመሙ ዓይነት ይመጣል። በምርምር እንደታየውም ኮርቲሶል በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ሁሉ በእኩል አይጨምርም፤ የሚጨምርባቸው አሉ፤ ከመደበኛው የማይለይባቸውም አሉ። በዚህም የተነሣ ድባቴን በደም የኮርቲሶል ምርመራ መለየት አይቻልም። የሚለየው ባለሙያ ሰውየውን በጥሞና ጠይቆና አዳምጦ ነው።

ከምሳሌው የሚወሰደው ቁም ነገር ባልየው ሆዳም፣ ሚስትየዋም ደካማ አለመሆናቸው ነው። ሁለቱም እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው።

ክብደትም በተራው ስሜትን ይለውጣል

ግንኙነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና በ15 ጥናቶች የታቀፉ 58,745 ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ከጊዜ በኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው በ55 በመቶ ይጨምራል፤ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከጊዜ በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው በ58 በመቶ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን ይስባል ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው አካላዊ ነው፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሰውነትን ውስጥ ውስጡን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ እነዚህም በአንጎል የስሜት ሥርዓት ላይ ተጽዕኖ ያሳድራሉ። ሁለተኛው ማኅበራዊ ነው፤ መሳለቂያ መሆንና በሰውነት ማፈር ራሱ ውጥረት ነው፤ የማንቂያውን ደወል እንደገና ያስነሣል።

ክሳትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጥናት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ምግባቸው እንዲቀነስ ተደርጎ ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። ብዙዎቹ አዘኑ፤ ተቆጡ፤ ከሰው ራቁ፤ ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ላይ ሆነ። ከጥናቱ በፊት በአካልም በአእምሮም ብርቱ ተብለው የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ገቢያቸው በወረርሽኙ የተቋረጠና ምግብ ያነሳቸው ቤተሰቦች የመንፈስ ድካም ሲታይባቸው የእምነት ወይም የጥንካሬ ጉድለት አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት ምግብ ነው፤ የጎረቤትና የዕድር ድጋፍም የአእምሮ ጤና ሥራ ነው።

ትስስሩ በወረርሽኝ ጊዜ ለምን ይበልጥ ያሳስባል?

አንደኛ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር ሕመምና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ኮቪድ-19 ሲይዛቸው ለጽኑ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በውጥረት የመጣ ውፍረት ይህን አደጋ ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ድባቴ ያለበት ሰው ራሱን መጠበቅ ይከብደዋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒቱን ይረሳል፤ ቀጠሮውን ያሳልፋል፤ ጭንብል ማድረግና እጅ መታጠብ ትርጉም ያጣበታል።

ሦስተኛ፣ ክሳትን ሁሉ በሐሳብ ማሳበብም ሆነ ድባቴን ሁሉ በሌላ በሽታ መጠርጠር ጎጂ ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር ሕመምና የእንቅርት ዕጢ መታወክ ክብደት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለእነዚህ ሕመሞች መመርመር፣ በዚያው ጉብኝት ስለ ስሜቱና ስለ እንቅልፉም መናገር አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዴክሳሜታዞንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመውሰድ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በብሪታንያ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ የኮቪድ-19 ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ከሚያስፈልጋቸው መካከል ደግሞ በአምስት እጅ አንዱን ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን ግን ጥቅም አልታየም።

ዴክሳሜታዞን እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነው። በሽታውን ለመከላከል ወይም «ለመወፈር» ተብሎ ከመድኃኒት መደብር ተገዝቶ ሲወሰድ እንቅልፍ ይነሣል፤ ስሜትን ያዛባል፤ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድ አድሬናል ዕጢዎች ሥራቸውን ይዘነጋሉ፤ በድንገት ሲቋረጥም ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማመንጨት ስለሚሳነው ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። መድኃኒቱን ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

በቤት ውስጥ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች

የሚከተሉት ምክሮች ዓላማቸው ክብደትን በፍጥነት መለወጥ ሳይሆን የማንቂያውን ደወል ማሳረፍ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር አያስፈልግም፤ በአንዱ ጀምሮ መጽናት ይበቃል።

1. የመነሻ ሰዓትን ማጽናት። ሥራ ባይኖርም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ከተነሡ በኋላም ወደ ደጅ ወጥቶ የጠዋት ብርሃን ማየት የሆርሞኖችን የቀንና የሌሊት ዑደት ያስተካክላል። ቡና ከቀትር በኋላ ባይጠጣ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ቢዘጉ ይመረጣል።

2. ምግብን በሰዓቱ መመገብ። በቤት ውስጥ ያለው የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ቆሎ በቂ መሠረት ነው። በሻይ ውስጥ የሚጨመር ስኳርን፣ ለስላሳ መጠጥንና በዘይት የተጠበሰ ምግብን መቀነስ ይገባል። የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ሰው ብዙ ከሚቀርብለት ይልቅ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ቢቀርብለት ይቀለዋል። ራስን በረሃብ በመቅጣት ክብደት ለመቀነስ መሞከር ግን ውጥረቱን ያባብሳል።

3. መንቀሳቀስ። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለአምስት ቀናት ቢደረግ ይህን ያሟላል። ክብደት ባይቀንስ እንኳ እንቅስቃሴ ስሜትንና እንቅልፍን ያሻሽላል።

4. ከሰው አለመለየት። አካላዊ ርቀት ማለት ከሰው መቆራረጥ ማለት አይደለም። በስልክ መጠያየቅ፣ በደጅ ርቀትን ጠብቆ ቡና መጠጣት፣ ለቅሶ መድረስ ያልተቻለበትን ወዳጅ ዘግይቶም ቢሆን ማጽናናት ይቻላል።

5. የዜናን መጠን መወሰን። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከታመነ ምንጭ መስማት ይበቃል።

6. ከጫትና ከአልኮል መቆጠብ። ጫት ለጊዜው ያነቃቃል፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ግን ይዘጋል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ስሜትን ይጥላል። አልኮልም እንቅልፍን ያቆራርጣል፤ ድባቴንም ያባብሳል።

7. ጾምን በምክክር መጾም። መድኃኒት የሚወስድ፣ እጅግ የከሳ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ምእመን ከጾም በፊት የጤና ባለሙያውንና የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር ተገቢ ነው።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሄዳል?

ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ ክብደት ሳይታሰብ ከተለወጠ ወይም የዕለት ሥራን መሥራት ካቃተ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው እርምጃ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማነጋገርም ይቻላል። ከበድ ያለ ሁኔታ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ድባቴ የሚድን ሕመም ነው። ሕክምናው በምክር አገልግሎት፣ እንደ አስፈላጊነቱም በመድኃኒት ይሰጣል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ አልመጣም ብሎ ማቆም አይገባም። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በመጀመሪያ የምግብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ያሳሰበው ሰው መድኃኒቱን ከመጣል ይልቅ ለባለሙያው ቢነግር አማራጭ ይፈለግለታል። ሕመሙ ከተሻለ በኋላም ተመልሶ እንዳይመጣ ሕክምናው ለወራት ይቀጥላል። ጸበል የሚጠመቅ ወይም ዱዓ የሚያስደርግ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

አስቸኳይ ሁኔታ፦ አንድ ሰው መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው ከተጠረጠረ ለብቻው መተው አይገባም። ሐሳቡ እንዳለው በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ፀረ ተባይ ኬሚካሎችንና መድኃኒቶችን ከአጠገቡ አርቆ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ከቤተሰብና ከማኅበረሰብ የሚጠበቅ

በምሳሌው የተጠቀሱት ባልና ሚስት ከሁሉ አስቀድሞ የጎዳቸው የሰዉ አነጋገር ነው። እርሱ «ተስማምቶሃል» በመባሉ ችግሩን መናገር አልቻለም፤ እርሷ በሹክሹክታው ምክንያት ወደ ምርመራ መሄድ ፈራች። ሁለቱም በየራሳቸው ኀፍረት ውስጥ ተዘጉ።

ስለዚህ ዘመድና ጎረቤት ሰላምታቸውን በጥቂቱ ቢለውጡ ብዙ ይረዳሉ። «ወፈርክ» ወይም «ከሳሽ» ከማለት ይልቅ «እንቅልፍ እንዴት ነው?»፣ «ምግብ ይበላልሻል?»፣ «ሰሞኑን ምን አሳሰበህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ጠይቆም መልሱን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ተራ ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ ከመሄድ ይልቅ «ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» ማለት ይበልጥ ይጠቅማል።

ቤተሰብም አንድን ሰው በሚዛን አይለካው። የማገገም የመጀመሪያ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ በኪሎ አይታዩም፤ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት፣ ከልጆች ጋር መሣቅ፣ ወደ ደጅ መውጣት ይቀድማሉ። ክብደት ዘግይቶ ይከተላል።

ማጠቃለያ

ውጥረት፣ ድባቴና ክብደት የተለያዩ ጉዳዮች መስለው ቢታዩም በአንድ ሰውነት ውስጥ የተያያዙ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የደወለ የማንቂያ ደወል አንዱን ያወፍራል፤ ሌላውን ያከሳል። ሁለቱም ስንፍና አይደሉም፤ ሁለቱም ይታከማሉ። ሰው ስለ ክብደቱ ሲጠየቅ ስለ እንቅልፉና ስለ ደስታውም ይጠየቅ፤ መልሱ የሚያሳስብ ከሆነም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ለተጨማሪ መረጃና ምክር በነጻ የስልክ መስመሮች 952 ወይም 8335 መደወል ይቻላል።